ከሙያ ወደ አለቅነት

ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት በቅንነትና በትጋት ያገለገለ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን የሹመት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ባልንጀሮቹም ይህን በሰሙ ጊዜ ዙሪያውን ከበው «ሹመት ያዳብር!» ይሉታል፤ እርሱም እጅ ነሥቶ ምርቃቱን ይቀበላል። በዚያች ሰዓት ግን አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይኸውም፣ ይህ ሰው እስከ ዛሬ ሲሠራው የኖረው ሥራና ከነገ ጀምሮ የሚሠራው ሥራ አንድ ናቸውን? የሚለው ነው። ሹመቱ የቀድሞው ሙያው ከፍተኛ ደረጃ ነውን? ወይስ የቀድሞውን ሙያ አስቀምጦ፣ እንደ ጀማሪ ሆኖ፣ ሌላ ሙያ የሚማርበት በር ነው?

ይህን ጥያቄ የመሥሪያ ቤት ደንብ ብቻውን አይመልሰውም፤ የግብረ ገብ ጥያቄ ነውና። በአለቅነት ሥራ ውስጥ በእጅ የሚያዘው ነገር ድንጋይ ወይም ብረት ሳይሆን ሰው ነው። ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ሳያውቅ ድንጋዩን ቢሰብረው ሌላ ድንጋይ ያመጣል፤ ሰውን ሳያውቅ የሚያዝ ግን የሚሰብረው ምትክ የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ ከሙያ ወደ አለቅነት የሚሻገር ሰው ምን እንደሚተውና ምን እንደሚይዝ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት እንመረምራለን።

አስቀድመን ሙያ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሙያ ማለት እጅና አእምሮ የተባበሩበት ዕውቀት ነው። ለምሳሌ አንድ የመሬት ቀያሽ እንውሰድ። ቀያሹ መሣሪያውን በሦስት እግሩ ላይ ያቆማል፤ የውሃ ልኩን ያስተካክላል፤ ከዚያም ማዕዘን ከማዕዘን እየለካ መሬቱን ዞሮ ወደ ተነሣበት ነጥብ ይመለሳል። መሬቱ አራት ማዕዘን ያለው እንደ ሆነ የውስጥ ማዕዘኖቹ ድምር 360 ዲግሪ፣ አምስት ማዕዘን ያለው እንደ ሆነ 540 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። ድምሩ በጥቂቱ ቢዛነፍ በደንቡ መሠረት ልዩነቱን ለማዕዘኖቹ ያከፋፍለዋል፤ በብዙ ቢዛነፍ ግን ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሜዳው ይመለስና እንደ ገና ይለካል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ስለ ሥራው እውነተኛነት የሚመሰክርለት ቁጥሩ ነው። አለቃው ቢወደውም ቢጠላውም፣ ደሞዙ ቢጨመርም ባይጨመርም፣ 360 ዲግሪ ያው 360 ዲግሪ ነው። ማንም ሰው በቁጣም ሆነ በልመና ሊለውጠው አይችልም። ባለሙያው የሚኰራበት ነጻነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባም «ዛሬ ምን ሠራህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሠራውን ካርታ ዘርግቶ ያሳያል።

አሁን ይህ ቀያሽ ዐሥራ ሁለት ቀያሾች ያሉበት ክፍል ኀላፊ ሆነ እንበል። ጧት ቢሮው ሲገባ አንዱ ስለ ውሎ አበሉ አቤቱታ ይዞ ይጠብቀዋል። ሌላው እናቱ ታማበት ፈቃድ ይለምናል። ሁለት ሠራተኞች ተኰራርፈው አንድ መሣሪያ በጋራ መያዝ አቅቷቸዋል። አንድ ባለይዞታ ደግሞ «ወሰኔ ተገፋ» ብሎ ከሩቅ ገጠር መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ከበላይ የመጣው ደብዳቤ እስከ ቀትር ድረስ መልስ ይፈልጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውየው እጁን ቢመለከት ቀለም አልነካውም፤ ጠረጴዛውን ቢመለከት ካርታ የለበትም። «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ የሚመልሰው ያጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የድካሙ ብዛት አይደለም፤ ምስክሩን ማጣቱ ነው። በሰው ሥራ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ነጥብ ላይ የሚገጥም ልኬት የለም። በመስከረም ወር በችኰላ የተነገረ አንድ የንቀት ቃል ፍሬውን የሚያሳየው በግንቦት ሊሆን ይችላል፤ ያ የተናቀው ሠራተኛ በዝምታ ከእውነት ይርቅና፣ ያየውን ስሕተት አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይጀምራል። አለቃው የጥፋቱን መጀመሪያ ቢፈልግ ከየት ያገኘዋል? በመዝገብ አልተጻፈም፤ በመሣሪያም አልተለካ።

ታዲያ ምስክሩን ያጣ ባለሙያ ወዴት ይሸሻል? በብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደሚታየው ወደ ቀድሞው ሙያው ይሸሻል። አንድ ወጣት ቀያሽ ካርታውን አዘግይቶ እንደ ሆነ፣ አዲሱ ኀላፊ «አምጣው፤ እኔ ልጨርሰው» ይልና ኮቱን አውልቆ ይቀመጣል። ሌሊቱን ሠርቶ ጧት ያስረክባል። ካርታውም ያለ ጥርጥር የተዋበ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ትጉህ አለቃ ነው!» ብሎ ያመሰግነዋል። እኔ ግን ይህ ትጋት፣ ልማድ በሆነ ጊዜ፣ ሦስት በደሎችን የሸፈነ ካባ ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው በደል በወጣቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ወጣቱ የተቀማው ካርታውን ብቻ አይደለም፤ ካርታውን አበላሽቶ፣ ስሕተቱን ራሱ አግኝቶ፣ ራሱ አርሞ የሚያገኘውን ዕውቀት ጭምር ተቀምቷል። ኀላፊው ራሱ ባለሙያ የሆነው እኮ በወጣትነቱ ተሳስቶ፣ ሦስት ጊዜና አራት ጊዜ ወደ ሜዳው ተመልሶ ነው። እርሱ የወጣበትን መሰላል ከወጣ በኋላ ወደ ላይ መሳብ ይገባዋልን?

ሁለተኛው በደል በመሥሪያ ቤቱና በሕዝቡ ላይ ነው። ኀላፊው ካርታውን ሲሠራ ባደረበት ሌሊት የባለይዞታው አቤቱታ አልታየም፤ የተኰራረፉት አልታረቁም፤ እናቱ የታመመችበትም ሰው መልስ አላገኘም። እነዚህን ሥራዎች ከእርሱ በቀር ሊሠራቸው ሥልጣን ያለው ሰው የለም። ካርታውን ግን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችል ነበር።

ሦስተኛው በደል በራሱ ላይ ነው። የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ ስለሚደሰት፣ የማያውቀውን ለመማር የሚያስፈልገውን መከራ ይሸሻል። ስለዚህ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንኳ በስሙ ኀላፊ፣ በሥራው ግን ሹመቱን እንደ ሸክም የሚቈጥር ቀያሽ ሆኖ ይገኛል።

ይህ የሰው ጠባይ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት 18ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየና አካሄዱ መልካም እንዳልሆነ ነገረው። ልብ ልንለው የሚገባን፣ ዮቶር ያዘነው ለሙሴ ድካም ብቻ ሳይሆን ተራ ሲጠብቅ ለሚውለው ሕዝብም ጭምር መሆኑ ነው። ስለዚህ እውነተኞችና ጉቦን የሚጠሉ ሰዎችን መርጦ የሺ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች እንዲያደርጋቸው፣ ከባዱን ነገር ለራሱ፣ ቀላሉን ለእነርሱ እንዲተው መከረው። የዛሬው ሠራዊታችን እንኳ ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ኀምሳ አለቃ፣ ዐሥር አለቃ እያለ የሚጠራቸው ማዕርጎች ይህንኑ አከፋፈል ያስታውሱናል። እንግዲህ ሥልጣንን ማካፈል ከባዕድ አገር መጽሐፍ የተቀዳ አዲስ ብልኀት ሳይሆን በቋንቋችን ውስጥ የተቀመጠ የቆየ ምክር ነው።

ነገር ግን አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ይህ ንግግር ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ሥራው የሕዝብ ነው። ወጣቱ ሊማር ሲል የገበሬውን ወሰን ሁለት ሜትር ቢያዛንፍ፣ በአፈር የማይቀለድበት አገር ነውና በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ደም ሊያፋስስ ይችላል። ለአንድ ሰው መማሪያ ሲባል ሌላው ሰው ይጐዳ ዘንድ ተገቢ ነውን?»

ይህ ተቃውሞ እውነተኛ ስለ ሆነ በዋዛ ልናልፈው አይገባም። መልሱ ያለው ስሕተትን በሁለት ከፍሎ በማየት ላይ ይመስለኛል። በወረቀት ላይ ሳለ የሚታረም ስሕተት አለ፤ ድንበር ከተተከለ፣ ሲሚንቶ ከፈሰሰ፣ የይዞታ ደብተር ከታደለ በኋላ የሚገኝ ስሕተትም አለ። ከመጀመሪያው ዐይነት ስሕተት ሠራተኛው ሊማርበት ይገባል፤ ሁለተኛውን አለቃው ሊከለክለው ይገባል። ስለዚህ የአለቃው ቦታ በሁለቱ መካከል ያለው በር ነው። ካርታው ከዚያ በር ሳይወጣ ይመረምረዋል፤ ስሕተት ያገኘበት እንደ ሆነም እርሳሱን አንሥቶ ራሱ አያርመውም፤ «የእነዚህን ማዕዘኖች ድምር እንደ ገና እየው» ብሎ ለሠራው ሰው ይመልስለታል። ይህ ከማረም ይልቅ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጊዜም ይፈጃል። ሆኖም ሕዝቡም ሳይጐዳ፣ ወጣቱም ሳይቀማ የሚቀርበት መንገድ ይህ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሌላ ከባድ ነገር ይመጣል፤ እርሱም የፊርማ ነገር ነው። ባለሙያው ቀድሞ የሚፈርመው በዐይኑ ባየውና በእጁ በለካው ነገር ላይ ነበር። አሁን ግን ባላየው መሬት፣ በሌላ ሰው እጅ በተለካው ላይ ይፈርማል። ይህ ሐሰት መመስከር አይደለምን? ፊርማው «እኔ ለካሁ» ማለት ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ሐሰት ይሆን ነበር። የአለቃ ፊርማ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። «የለካውን ሰው ዐውቀዋለሁ፤ ጠይቄዋለሁ፤ ሥራውን መርምሬዋለሁ፤ ጥፋት ቢገኝበት ተጠያቂው እኔ ነኝ» ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ጥፋት በተገኘ ጊዜ «እኔ አለካሁም፤ የለካው እገሌ ነው» ብሎ የበታቹን ወደ ፊት የሚገፋ አለቃ የገዛ ፊርማውን ካደ ማለት ነው። ምስጋና በመጣ ጊዜ ደግሞ የለካውን ሰው ስም ደብቆ ብቻውን የሚቀበል፣ እርሱ ባልሠራው ላይ «እኔ ሠራሁ» ብሎ በሐሰት ፈረመ ማለት ነው። ምስጋናው ወደ ታች፣ ተጠያቂነቱ ወደ ላይ ሊሄድ ይገባል። በብዙ ቦታ የሚታየው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ አለቃና ምንዝር በአንድ ጣራ ሥር እየሠሩ እንደ ባዕድ የሚተያዩትም ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጥያቄ እናንሣ። አለቅነት ሌላ ሙያ ከሆነ፣ አለቃ የሚሆነው ሰው የሚያዛቸውን ሰዎች ሙያ ማወቅ ያስፈልገዋልን? ዜኖፎን የተባለው የጥንት ግሪክ ጸሐፊ ስለ መምህሩ ስለ ሶቅራጥስ በጻፈው መታሰቢያ ውስጥ በዚህ ነገር ላይ የተደረገ ክርክር ይገኛል። ኒኮማኪደስ የተባለ የቆሰለበትን ጠባሳ የሚያሳይ አሮጌ ወታደር፣ የአቴና ሰዎች እርሱን ትተው ገንዘብ ከመሰብሰብ በቀር ሌላ አያውቅም የሚለውን አንቲስቴንስን የጦር አለቃ አድርገው ስለ መረጡ ያማርራል። ሶቅራጥስም አንቲስቴንስ የዘማሪዎች ቡድን ኀላፊ በነበረ ጊዜ፣ ራሱ ዜማ ሳያውቅ፣ ቡድኑ ሁልጊዜ ያሸንፍ እንደ ነበር ያስታውሰዋል፤ ምክንያቱም ዜማ የሚያውቁትን ሰዎች መርጦ ማሠራት ያውቅ ነበርና።

ይህ ክርክር ብዙ እውነት አለበት። የተሰበሰበን ሰው ማሠራት ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን ያስረዳናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ልንከተለው አይገባም። ሙያውን ከቶ የማያውቅ አለቃ እውነተኛውን ዘገባ ከተቀባባው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ አፈ ጮሌው ይነግሥበታል፤ ዝምተኛው ሠራተኛ ይረሳል። ባለሙያ የነበረ አለቃ ግን ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የት ላይ እንደሚያስቸግር፣ ማን ለፍቶ ማን እንዳስመሰለ ያውቃል። እንግዲህ ከሙያ ወደ አለቅነት ሲሻገር ሊተወው የሚገባው እጁን እንጂ ዐይኑን አይደለም።

በአገራችን ታሪክም ለዚህ ምሳሌ አናጣም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት (1860 ዓ.ም) በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በዚያ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1917 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኀላፊነት ሠርተዋል፤ ከዚያም የጨርጨር ገዥ ሆነዋል። ከእርሳቸው በፊት ጨርጨርን ያስተዳደሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በሩስያ የመድፈኛ መኰንንነት የተማሩ ነበሩ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። የሐኪም መድኀኒት አውራጃ አያስተዳድርም፤ መድፍም ሕግ አያረቅም። ሆኖም ከሙያ ወደ አስተዳደር ተሻግሮ የሚያገለግል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአሠራር ጠባይ ነው። ደኅና ሐኪም መድኀኒት ከማዘዙ በፊት «የት ያምሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተባለውንም ያዳምጣል። ደኅና መድፈኛም ርቀቱን ሳይገምት አይተኩስም። ጠይቆ ማዳመጥና ለክቶ መወሰን በየትኛውም ወንበር ላይ ቢሆን ያገለግላሉ።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ተሿሚው ነው፤ ነገር ግን ስለ ሿሚውም ጥቂት መናገር ይገባል። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሎረንስ ፒተር ከሬይሞንድ ኸል ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሠራተኛ በየደረጃው መልካም እየሠራ ከፍ ከፍ ሲል በመጨረሻ ሊሠራው ከማይችለው ደረጃ ላይ ደርሶ በዚያ እንደሚቀር በቀልድ አስመስሎ ጽፏል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካ ኩባንያዎች የሽያጭ ሠራተኞች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ኩባንያዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሸጡትን ለአለቅነት እንደሚመርጡ፣ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አለቃ በሆኑ ጊዜ የበታቾቻቸው ሽያጭ ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። እንግዲህ ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የፍትሕ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ታላቅ ባለሙያ ደሞዝ ለመጨመርና ክብር ለመስጠት ያለው መንገድ ሰዎችን እንዲያዝ ማድረግ ብቻ ከሆነ፣ ሰውየው የልጆቹን እንጀራ ሲያስብ የማይወደውን ወንበር ይቀበላል። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ያጣል፤ ደኅና ቀያሽ ያጣል፤ በምትኩም ልቡ በሜዳ የቀረ አለቃ ያገኛል። በዚያ አለቃ ሥር የሚሠሩት ሰዎችም ያላጠፉትን ጥፋት ዋጋ ይከፍላሉ።

የቤተ ክህነት ትምህርታችን በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚገሠግሠው ደቀ መዝሙር የሚፈልገው የደብሩን አስተዳዳሪ ሳይሆን መምህሩን ነው። መምህሩ መሬት ባያስተዳድርም፣ ካህናትን ባይመድብም፣ «የኔታ» ተብሎ በሩቅ አገር ይከበራል። የዕውቀት ማዕርግና የአስተዳደር ማዕርግ ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ስለዚህ «ሹመቱ ይቅርብኝ፤ በሙያዬ ላገልግል» የሚል ሰው እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ፈሪ ሊታይ አይገባም፤ እንዲያውም ራሱን የመዘነ ሰው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ብሂል ግን ሹመትን እንደ ማዕድ ስለሚያይ፣ የተሾመውንም ያልተሾመውንም ያበላሻል።

በመጨረሻም፣ አለቃ የሆነ ባለሙያ የሚፈተንበት አንድ ስውር ፈተና አለ፤ ይኸውም በበታቹ መበለጥ ነው። ትናንት በሦስት እግር መሣሪያ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ልኬት፣ ዛሬ ወጣቱ ከሳተላይት ምልክት በሚቀበል መሣሪያ ወይም በድሮን በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። አለቃው ስለ አዲሱ መሣሪያ ወጣቱን መጠየቅ ሊኖርበት ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው፣ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» እያለ ወጣቱን ማሳነስና የማያውቀውን ነገር በሥልጣኑ መከልከል ነው። ሁለተኛው፣ «አሳየኝ» ብሎ መቀመጥ ነው። «አሳየኝ» ማለት የሚችል አለቃ ሥልጣኑ አይቀንስበትም፤ እውነትን የሚነግሩት ሰዎች ግን ይበዙለታል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ አለቅነት የተጠራህ ባለሙያ እንደ ሆንህ ከመቀበልህ በፊት አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፦ «ሌላ ሰው ከእኔ ይልቅ በሙያው ቢመሰገን፣ ያም ሰው በእኔ ሥር ያደገ ቢሆን፣ በእውነት ደስ ይለኛልን?» መልስህ አዎን ከሆነ ደብዳቤውን ተቀበል፤ የቀረውን በትዕግሥት ትማረዋለህ። መልስህ አይደለም ከሆነ ግን ምንም ነውር የለበትም፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ገና ያልተለካ ብዙ መሬት አለ፤ አገርም በእውነት ለሚለካላት ሰው ያላት ፍላጎት በእውነት ከሚያስተዳድርላት ሰው አያንስም።